የኤሌክትሪክ ምጣድ ካርድ እንዳይጨርስ

የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ካርዱ ግን የሚያልቀው እንጀራው ሲጋገር ብቻ አይደለም፤ ሸክላው እስኪግል የሚሄደውም ቀላል አይባልም። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ሩብ ሰዓት ሲግል አንድም እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። በሳምንት ሦስቴ የሚጋገርበት ቤት ይህንን ሦስቴ ይከፍላል። ሊጡን በርከት አድርጎ ባንዴ መጋገር ይሻላል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ኃይሉ ይወርዳል። ከ220 ቮልት ወደ 180 ከወረደ ምጣዱ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል። ያኔ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይጣበቃል፤ ጥፋቱም በሊጡ ይላከካል። ውሃ ወይም ዱቄት ከመጨመርዎ በፊት አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ እንደሆነ ይመልከቱ። ማለዳ መጋገር የተሻለ ነው።

አብሲት የተጣለበት ሊጥ ኩፍ ሳይል ምጣዱን አይሰኩ። ማሰሻው፣ ጎመን ዘሩና ሰፌዱ ቅርብ ይሁኑ። አክንባሎውን ከድነው ያግሉት፤ ጠብ ያደረጉት ሊጥ ወዲያው ዓይን ካወጣ ደርሷል። አስሰው፣ ከዳር ጀምረው ወደ መሃል እያዞሩ ያፍስሱ። ዓይኑ ሲወጣ ይክደኑ፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ጠርዙ ይነሳል። አሁንም አሁንም እየከፈቱ ማየት እንፋሎቱን ያስወጣል፣ እንጀራውንም ያደርቃል። አንድ ሁለት እንጀራ ሲቀር ይንቀሉት፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃል። ሦስተኛ ከሞከሩ ግን ሊጥ ማበላሸት ነው።

በሙሉ ኃይልም የሚጣበቅ ከሆነ ምጣዱ በደንብ አልተሟሸም፣ ወይም በሳሙና ታጥቦ ልስላሴው ጠፍቷል። የተፈጨ ጎመን ዘር እየቀቡና እያጋሉ እንደገና ማሟሸት ነው።

ስለ መስመሩ ደግሞ፦ 3.5 ኪሎዋት ማለት 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ተራ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ልክ። በኤክስቴንሽን በፍጹም አይሰኩ። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር በባለሙያ ይዘርጉለት፣ የመሬት መስመሩም አይረሳ። ሶኬቱ በእጅ ሲነካ ከሞቀ ሽቦው ላልቷል፤ ሳይቀልጥ ያስጠብቁት። ሸክላው ከተሰነጠቀ ደግሞ ሊጡ ሰርጎ ከሚግለው ሽቦ ጋር ሊገናኝና ሊነዝር ስለሚችል፣ ሸክላው ሳይቀየር አይጋግሩበት።