ቆሻሻን ከመሬት በታች በአየር መሰብሰብ፦ ሥራው የሚጀምረው ከመጣያው አፍ ነው

ቆሻሻ በተቀበረ ቱቦ እየተሳበ ይሄዳል ሲባል፣ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ መጣያው አፍ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ነዋሪው ፌስታሉን የሚጥልባት ያቺ ትንሽ በር በደንብ ካልታሰበባት፣ ከሥሯ ያለው ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ቱቦ ይታነቃል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ስዊድን ውስጥ ሶሌፍቴዎ ሆስፒታል ላይ ተተከለ። ትንሽ ቆይቶ ስቶክሆልም አጠገብ ሱንድቢበርግ የመኖሪያ ሰፈር ገባ። የኒውዮርኳ ሩዝቬልት ደሴት ከ1975 ጀምሮ ትጠቀምበታለች። ባርሴሎናም ለ1992ቱ ኦሎምፒክ የስፖርተኞቹን መንደር ስትገነባ ቱቦውን አብራ ቀብራለች።

አንድ ማዘጋጃ ቤት ይህን ልሥራ ካለ መንገዱ እንዲህ ነው።

1. ምን እንደሚገባ ወስኑ። የምግብ ትራፊ፣ ወረቀት፣ ቀሪው የቤት ቆሻሻ፦ ለእያንዳንዱ የራሱ በር ይሰጠዋል። ጠርሙስ ባይገባ ይሻላል። ስብርባሪው የብረት ቱቦውን ከውስጥ እየፋቀ ይበላዋል፣ ድምፁም ይረብሻል። ትልቅ ካርቶን፣ የልብስ መስቀያ፣ ጃንጥላ፣ ቀለም፣ ባትሪ በፍጹም። ለእነዚህ ሌላ መሰብሰቢያ ቦታ ከአሁኑ አዘጋጁ፤ ሰው መውሰጃ ካጣ እዚያው ነው የሚከታቸው።

ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። በሩ ግን ከዚያ መጥበብ አለበት። ይህ ቁጠባ አይደለም፣ ጥበቃ ነው። በጠባቡ በር ያለፈ ነገር በሰፊው ቱቦ የመቀርቀር ዕድሉ አነስተኛ ነው።

2. በሮቹን ሰው በሚያልፍበት ትከሉ። ከቤት ሲወጣ መንገዱ ላይ ካገኘው ይጠቀምበታል። ከፍታውም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የሚመች ይሁን።

3. ቆሻሻው ተስቦ የሚደርስበትን፣ ማራገቢያዎቹም ያሉበትን ጣቢያ ቦታ ምረጡ። ከጣቢያው እስከ ሩቁ በር ያለው ርቀት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው የሚመከረው። ከዚያ ሲርቅ የመሳብ ኃይሉ ይደክማል። ኮንቴነር የሚያነሳው ከባድ መኪና እንደልቡ የሚገባበት ቦታም መሆን አለበት።

4. ስትቆፍሩ አንዴ ቆፍሩ። የውኃ፣ የፍሳሽ ወይም የቴሌኮም መስመር ሲዘረጋ አብሮ ቢቀበር ብዙ ወጪ ይድናል። አዲስ ሰፈር ላይ ይቀላል። አሮጌ ከተማ ላይም ይቻላል፤ የኖርዌይዋ በርገን መሃል ከተማዋ ላይ አድርጋዋለች፣ ግን ድካሙ ብዙ ነው። መታጠፊያዎቹ ለስለስ ያሉ ይሁኑ። ቆሻሻው የሚፈትገው እዚያ ስለሆነ ብረቱም እዚያ ይወፍር። በየርቀቱ የፍተሻ ክዳን ተዉ። ይህን ለማትረፍ ብላችሁ ብትዘሉት፣ አንድ ቀን ሲዘጋ አስፋልት ልትሰብሩ ነው።

5. አሠራሩን ለነዋሪው አስረዱ። ብዙ ሰው «ሁሉም በአንድ ቱቦ ከሄደ መለየቱ ምን ዋጋ አለው?» ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልስም አለው። የተጣለው ፌስታል ወዲያው አይሄድም። ከበሩ ሥር በተዘጋ ቫልቭ፣ ማለትም በራሱ በሚከፈትና በሚዘጋ ክዳን ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ ወይም መሙላቱን የሚለካው መሣሪያ (ሴንሰሩ) ሞልቷል ሲል፣ ጣቢያው ውስጥ ያሉት ትላልቅ ማራገቢያዎች ይነሳሉ። በመስመሩ ጫፍ አየር ማስገቢያው ይከፈታል። ከዚያ የምግብ ትራፊ ቫልቮች ብቻ ተራ በተራ ይከፈታሉ፤ ቆሻሻው ወድቆ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይበራል። እሱ ሲያልቅ የወረቀቱ ተራ ይመጣል። ጣቢያው ላይ ያለው መቀየሪያ እያንዳንዱን ወደየራሱ ኮንቴነር ይመራዋል። ቱቦው አንድ ነው፣ ሰዓቱ ግን የተለያየ ነው።

ጣቢያው ሲደርስ አየሩ ሳይክሎን በሚባል ትልቅ ሲሊንደር ውስጥ ይሽከረከራል፤ ቆሻሻው ወደ ታች ወድቆ ተጨምቆ ይታሸጋል። አየሩ አቧራና ሽታ በሚይዙ ማጣሪያዎች አልፎ ይወጣል።

6. ለዓመታዊ ወጪው በጀት ያዙ። ማራገቢያዎቹ መብራት ይበላሉ፣ ቫልቮቹም ጥገና ይፈልጋሉ። የግንባታውን ገንዘብ አግኝቶ የጥገናውን የሚረሳ ማዘጋጃ ቤት ባይጀምረው ይሻለዋል።

7. አጣጣሉን ከመጀመሪያው ቀን አስለምዱ። ፌስታሉ በሩ በሚችለው መጠን ይሁን፣ አፉም ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። ልቅ ከሆነ መንገድ ላይ ይበተናል። ፈሳሽ አይጨመር። በሩ እንቢ ካለ በእግር ወይም በዱላ አይገፋ፤ ሞልቶ ወይም ሌላ በር እየተራገፈ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ጠብቆ መሞከር፣ ካልሆነም ወደ ቀጣዩ መጣያ መሄድ ነው። ፌስታሉን በሩ ሥር ትቶ መሄድ ግን አይሆንም። አንዱ ካስቀመጠ እስከ ማታ አሥር ፌስታል ይከመራል። በሩ ሲበላሽ ሰው እንዲደውል የብልሽት ስልክ ቁጥሩን በሩ ላይ በትልቁ ጻፉት።