ዊንዶውስን ወደ ኋላ ሲመልሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምፒውተር እንደሚያውቁ በዘመድ ዘንድ አንዴ ከተሰማ፣ ስልክዎ የሚጮኸው ማታ ማታ ነው። «ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ እንቢ አለ!» ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አዲስ የተጫነ ድራይቨር (እንደ ፕሪንተር ያለውን ዕቃ ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ወይም ሳይስማማው የቀረ ማሻሻያ ነው። መድኃኒቱም ኮምፒውተሩን ደህና ወደነበረበት ቀን መመለስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዚሁ ብሎ ሲስተም ሪስቶር የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ ሚሌኒየም ጋር አውጥቶታል። መሣሪያው መልካም ነው፤ አያያዛችን ነው የሚያስቸግረው።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ኮምፒውተሩ ሳይታመም፣ ገና በደህናው ቀን ነው። በብዙ የዊንዶውስ 10 እና 11 ኮምፒውተሮች ላይ መሣሪያው የሚሠራበት ጥበቃ ተዘግቶ ይገኛል። ባለቤቱ ይህንን የሚያውቀው በጭንቅ ሰዓት ከፍቶት ባዶ ሰሌዳ ሲጠብቀው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም። ስለዚህ ዛሬውኑ በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሪስቶር ፖይንት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጻፉ፣ የሲ ድራይቭን ይምረጡ፣ ጥበቃውን ያብሩ፣ ከዲስኩም ጥቂት ቦታ ይመድቡለት። ከዚያ አንድ የመመለሻ ነጥብ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በኋላ የሚመለስበትን የዛሬ ሁኔታ መዝገብ፣ ራስዎ ይፍጠሩ። ስሙንም በኋላ የሚገባዎት አድርጉት፤ «ፕሪንተሩ ከመጫኑ በፊት» የሚል ስም ከወራት በኋላ ራሱን ያስረዳል፣ «ሙከራ 3» ግን ለማንም አይናገርም።

የተፈጠረ ነጥብም ለዘላለም አይቀመጥም። የተመደበለት ቦታ ሲሞላ አሮጌው እየተሰረዘ ለአዲሱ ይለቃል። በዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 እትም ላይ ደግሞ ቢበዛ 60 ቀን ነው የሚቆየው። በመስከረም የፈጠሩትን ለገና አይፈልጉት።

ሌላው፣ ይህን መሣሪያ የፋይል መጠባበቂያ አድርጎ ማሰብ ነው። የሚመልሰው የሲስተም ፋይሎችን፣ ድራይቨሮችን፣ የተጫኑ ፕሮግራሞችንና ቅንብሮቻቸውን ነው። ጽሑፎችዎንና ፎቶዎችዎን አይነካም፤ በስህተት የሰረዙትን የመመረቂያ ጽሑፍም አያመጣልዎትም። ነጥቦቹ የሚኖሩት እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲሞት አብረውት ይሞታሉ። በሌላ በኩል ከነጥቡ በኋላ የተጫነ ፕሮግራም ይጠፋል። ፓወር ግዕዝን ባለፈው ሳምንት ጭነው ኮምፒውተሩን ወደ ባለፈው ወር ከመለሱት፣ አማርኛ መጻፊያዎ የለም ማለት ነው። ከመጀመርዎ በፊት የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚነኩ የሚያሳይ ቁልፍ እዚያው መስኮት ላይ አለ፤ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፣ ግን ሲጫነው ያየሁት ሰው ጥቂት ነው።

ለቫይረስም መድኃኒት አይደለም። ቫይረሱ መሣሪያው በማይነካው ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ሊጠብቅዎ ይችላል። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት ደግሞ ብዙዎቹ የመመለሻ ነጥቦቹን አስቀድመው ያጠፋሉ።

መብራት! ሥራው አንዴ ከተጀመረ መቋረጥ የለበትም፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ዊንዶውስ ጭራሹን ላይነሣ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልተው ከቻርጀሩ ጋር ያገናኙት፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ይኑረው። ክቡ ምልክት ሲሽከረከር ግማሽ ሰዓት ቢያልፍም ማጥፊያውን አይንኩት። እጅዎ ከበላዎት ቡና ያፍሉ።

ዊንዶውስ የሚከፈት ከሆነ ሥራውን ከራሱ ከዊንዶውስ ይጀምሩ። እንዲህ ከተደረገ፣ ውጤቱ ካላማረዎት መልሰው መሻር ይችላሉ። ከሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮቹ ብቻ ከሚነሣበት ሁኔታ) ወይም ዊንዶውስ አልነሣ ሲል ከሚመጣው የጥገና ሰማያዊ ገጽ ከተደረገ ግን መሻር የለም።

ወደዚያ ሰማያዊ ገጽ መግባት ግድ ከሆነ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ ቢትሎከር 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅዎ ይችላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያው የክራውድስትራይክ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲጥል፣ ብዙ ባለሙያዎች መፍትሔውን እያወቁ ይህን ቁጥር ፍለጋ ተንከራተዋል። ዲስኩ መቆለፉን እንኳ የማያውቅ ባለቤት ብዙ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ከሆነ ቁልፉን እዚያ ሊያገኙት ይችላሉ፤ በወረቀት ገልብጠው ያስቀምጡት እንጂ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አይተዉት።

የመጨረሻው ስህተት የእኔም እጅ አለበት። ሪስቶርና ሪሴት በስልክ ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሪሴት የጫኑትን ፕሮግራም ሁሉ ያነሣል፤ ከሁለቱ ምርጫዎቹ አንዱ ደግሞ የግል ፋይልንም ጠራርጎ ይወስዳል። የአክስቴን ልጅ አንድ ማታ በስልክ ስመራው «ሁሉንም አስወግድ» የሚለውን ተጫነ፤ የሠርጉ ፎቶዎች እዚያ ነበሩ። «ጋሼ፣ ያሉኝን ነው እኮ የነካሁት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲደውልልኝ፣ ከመጫኑ በፊት በቁልፉ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ያነብልኛል።