ሻንጣ ውስጥ የላክሁት ጨው፦ አገር ቤት የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ያለ ወላጅ ላላችሁ

ባለፈው ዓመት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ለእናቴ ሁለት ዕቃ የጨው ምትክ ከተትሁ። ሐኪሙ «ጨው ቀንሺ» ብሏት ስለነበር፣ «ሶዲየም የለበትም» የሚለውን ጽሑፍ ሳይ ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁት። ለራሴ ያስቀረሁትን ዕቃ ጀርባ ያነበብሁት ዘመዴ ከበረረ በኋላ ነበር። ይዘቱ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይህ ከተራ ጨው የባሰ ነው። በሌሊት ደውዬ አስጣልሁት።

በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የፖታሲየም መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል አካባቢ ነው፤ ትርፉን ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል። እጥበት ላይ ላለ ሰው ግን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠራቀማል። ከ6.5 ሲያልፍ ልብ ሳይታሰብ ልትቆም ትችላለች፤ ከዚያ በፊት ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ከታየም የእግር መዛል ወይም የልብ ምት መዛባት ነው። ስለዚህ «እንዴት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እኔ አሁን «ዛሬ ከወንበር ብቻሽን ተነሣሽ? ደረጃውን ወጣሽ?» እላለሁ። እግሯ በድንገት ከከዳት የነገውን ቀጠሮ መጠበቅ የለም። አስታማሚዋ ድንገተኛ ክፍል ወስዶ «እጥበት ላይ ናት፣ የልብ ምርመራና ፖታሲየም ይታይላት» ይበል።

ጠያቂዎቻችንን ማስተማርም የእኛ ድርሻ ነው። ሙዝና ብርቱካን ይዞ የማይመጣ ጠያቂ ማን አለ? በጾም ወራት የአቮካዶ ጭማቂ፣ ቲማቲምና ድንች ይበዛል፤ በረመዳን ደግሞ ቴምር አለ። ሁሉም ፖታሲየም የሞላባቸው ናቸው። ድንቹ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ቢደፋ ይቀንስለታል።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የእጥበቱ ክፍተት ነው። የተለመደው በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲሆን፣ አገራችን ብዙዎች አቅም ስለሚያጥራቸው ሁለቴ ይታጠባሉ። ሞት የሚበረታው ደግሞ ከሳምንቱ ረጅም ክፍተት በኋላ መሆኑ በጥናት ታይቷል። እኛ የዘገየ ደመወዛችንን ጠብቀን ወይም ምንዛሬው እስኪሻል ብለን ሐዋላውን ስናቆየው የምናራዝመው ይህንኑ ክፍተት ነው። እኔ ቢያንስ የሦስት ሳምንት የእጥበት ሂሳብ አገር ቤት ባለ አካውንት ውስጥ እንዳይነካ አስቀምጫለሁ። አካውንቱ በስማችሁ ከሆነ፣ ገንዘብ ማውጣት እንደሚችል በግልጽ የተጻፈበት ውክልና ለአስታማሚው ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ ላኩለት። ይህን ጉዳይ ሕመሙ ሳይበረታ ጨርሱት።

በአንገቷ ወይም በደረቷ ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ የእጥበት ቱቦ) ያለባት ሰው እየታጠበች ወይም ወዲያው ካበቃች በኋላ ከተንቀጠቀጠችና ካተኮሳት፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የደም ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ያዙት። አገር ቤት «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽ ስንት ሰዓት ያልፋል! ጀርሙ ወደ ልብ ቫልቭ ወይም ወደ ጀርባ አጥንት ሊሄድ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ ጠንካራ የጀርባ ሕመም የዚያ ትራፊ ሊሆን ይችላል። ከፋርማሲ የተገዛ አንቲባዮቲክ አይጀመር፤ መጀመሪያ ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ ለመለየት ለሚደረገው ምርመራ፣ ደም ይወሰድ።

እጥበት ካመለጠ በኋላ የሚመጣ፣ ሲተኙ የሚብስና ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል የሚል የደረት ሕመምም በዚያው ቀን መታየት አለበት። የልብ ሽፋን መቆጣት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ካልሲፊላክሲስ ነው። ብርቅ ቢሆንም ከያዛቸው ግማሽ ያህሉ በዓመት ውስጥ ይሞታሉ። በቆዳና በስብ ውስጥ ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮች በካልሲየም ይደፈናሉ። ጭን ወይም ሆድ ላይ መጀመሪያ ከሚታየው ነገር ጋር የማይመጣጠን ኃይለኛ ሕመም ይነሣል፤ ከዚያ ወይን ጠጅ መሳይ ነጠብጣብ፣ ቀጥሎም ጥቁር ቁስል ይመጣል። ወጌሻ አይሽው። አስታማሚው በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ፤ እናንተም ለሐኪሟ አድርሱት። የስኳር ሕመምና ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ አደጋውን ይጨምራሉ። ሆኖም ዋርፋሪኑን ያለ ሐኪም ማቆም የባሰ ነው፤ የልብ ቫልቭ ከተተካላት ደም ሊረጋባት ይችላል።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ የምታስቡ ደግሞ ለሕመምተኛዋ ደም ስለሚሰጥበት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው አገልግሎት ከቤተሰብ በሚለገስ ኩላሊት ላይ የቆመ ነው። ለደም ማነስ በየጊዜው የሚሰጥ ደም ሰውነቷ የሌላ ሰው ኩላሊት እንዳይቀበል ሊያደርግ ይችላል። ደም መሙያው መርፌ፣ ኤሪትሮፖይቲን፣ ውድ ቢሆንም ለዚህ ነው የሚመረጠው። ሕይወቷን ለማትረፍ ደም ካስፈለጋት ግን ማመንታት የለም።

እናቴ ቤት ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፦ የእጥበት ቀኖቿ፣ ከእጥበት በኋላ ሊኖራት የሚገባው ክብደት፣ የደም ዓይነቷ፣ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች። ከታች በቀይ፦ ግራ እጇ የፊስቱላው (ለእጥበት ተብሎ በቀዶ ጥገና የተገናኘው ደም ሥር) ነው፤ ደም ግፊት አይለካበትም፣ ደም አይቀዳበትም።