ለጥናቱ ማን ነው የከፈለው?

«አዲስ ጥናት እንዳመለከተው» ብሎ የሚጀምር ዜና ሲደርስዎ መጀመሪያ ዋናውን ጽሑፍ ያግኙ። ርዕሱን የሕክምና ጥናቶች በሚፈለጉበት ድረ ገጽ፣ ፐብሜድ (PubMed) ላይ ይፈልጉ፤ ፍለጋው በነጻ ነው። ከዚያ ሙሉውን ከፍተው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዋቢዎቹ ዝርዝር በፊት ወደሚገኘው የገንዘብ ድጋፍና የጥቅም ግጭት መግለጫ ይሂዱ። «ካውንስል» ወይም «ኢንስቲትዩት» የሚል ስም ካገኙ እዚያ አያቁሙ፤ አባላቱ እነማን እንደሆኑ ይፈልጉ። የአሜሪካ ሲጋራ አምራቾች በ1954 (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋሙት የምርምር ኮሚቴ፣ በ1964 «ኢንዱስትሪ» የሚለውን ከስሙ አውጥቶ የትምባሆ ምርምር ካውንስል ተብሏል።

መግለጫው ባዶ ነው ማለት ግን ገንዘብ አልገባም ማለት አይደለም። በ1967 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ግምገማ (ቀደም ያሉ ጥናቶችን መዝኖ የሚያጠቃልል ጽሑፍ) ለልብ ሕመም በዋናነት ስብን ተጠያቂ አድርገው የስኳርን ድርሻ አሳነሱ። የስኳር ኢንዱስትሪው ድርጅት የሆነው የስኳር ምርምር ፋውንዴሽን የከፈለው 6,500 ዶላር አልተጠቀሰም፤ ጉዳዩ በ2016 ነው ይፋ የወጣው። ፋውንዴሽኑ የሚገመገሙ ጽሑፎችን ሰጥቷል፣ ረቂቁንም አስቀድሞ አይቷል። ቁጥር መፈልሰፍ እንኳን አላስፈለገም፤ ስኳርን የሚከሱ ጥናቶች በየጉድለታቸው ሲብጠለጠሉ ስብን የሚከሱት በቀላሉ አለፉ።

ስለዚህ ግምገማ ሲያነቡ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ ወገን የተጣሉትን ጥናቶች ከነምክንያታቸው፣ በሌላው ተቀባይነት ያገኙትን ይጻፉ። «የተሳታፊው ቁጥር አነስተኛ ነው» ተብሎ አንዱ ከወደቀ፣ ካለፉት ውስጥ ከእሱ ያነሰ አለ ወይ? ካለ፣ ሚዛኑ አንድ አይደለም። አድካሚ ነው፤ ግን የመግለጫው ክፍል የማይነግርዎትን የሚያወጣው ይኸው ነው።

የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ በኤንሲቲ (NCT) የሚጀምረውን የምዝገባ ቁጥር ሙከራዎች በሚመዘገቡበት ድረ ገጽ፣ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ (ClinicalTrials.gov) ላይ አስገብተው፣ መጀመሪያ የተመዘገበው ዋና መለኪያ (ሙከራው ሊለካ ያቀደው ዋና ውጤት) ከታተመው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኩባንያ የከፈለበትን ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ሲጥል ነው። ክፍያው የሚነግርዎ የት አጥብቀው ማየት እንዳለብዎ ነው፤ ገንዘቡን ከሌላ ያገኘ ቡድን ጥናቱን ደግሞት ያንኑ ካገኘ ውጤቱ ይጸናል።

ሕግ የሚያረቅቁ ሰዎች ከትምባሆ ኢንዱስትሪው ተጽዕኖ መከላከያ አላቸው፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 5.3 ፖሊሲው ከኢንዱስትሪው ጥቅም እንዲጠበቅ ያዛል። በሌሎች ምርቶች ላይ ስብሰባ ሲጠሩ፣ ባለሙያው ከመናገሩ በፊት ማን እንደሚከፍለው በጽሑፍ ያስፈርሙት።