የሰረጎደ የሶፋ መቀመጫ

የሶፋዎ መቀመጫ ሲሰረጉድ ስፖንጅ ለመግዛት ከመቸኮልዎ በፊት መቀመጫውን አንሥተው ከሥሩ ያለውን ክፍል በእጅዎ ጫን ጫን እያደረጉ ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ የላላው ስፖንጁ ሳይሆን የሚሸከመው ሞላ ወይም የላስቲክ ቀበቶ ነውና። እንዲህ ከሆነ ከመቀመጫው ስፋት በጥቂቱ ያነሰ ኮምፖልሳቶ አስቆርጦ ከሥሩ ማንጠፍ ለጊዜው ይበቃል፤ ጠርዙ ጨርቁን እንዳይቀድ ግን አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ሊለሰልስ ይገባል። ስፖንጁ ራሱ ከሟሸሸ ደግሞ ዚፑን ከፍቶ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ ከታች በኩል መደረብ ይሻላል። አሮጌ ልብስ መጠቅጠቅ (እኔም ሞክሬዋለሁ) ውሎ አድሮ እየተጠቀለለ ጉብታ ይሠራል። ስፖንጁን ወደ ልባሱ ሲመልሱ በስስ ፌስታል ቢሸፍኑት ሳይጨማደድ ተንሸራትቶ ይገባል፤ ከዚያ ፌስታሉን ስቦ ማውጣት ነው።