የተቃዋሚ ፓርቲ ሾው ላይ እንዴት ይቀለዳል? (ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ)

ምርጫ ሲሸት የፓርቲ መሪ ድንገት ባጃጅ ይወዳል። ዓመቱን ሙሉ በቪ8 ሲሄድ የነበረ ሰውዬ ፒያሳ ላይ ወርዶ ባጃጅ ውስጥ ተጣጥፎ ይገባና ከሹፌሩ ጋር ሲስቅ ፎቶ ተነስቶ "ከህዝባችን ጋር" ተብሎ ይለቀቃል፣ ቪ8ቱ ደግሞ ከኋላ ቀስ እያለ ይከተላል። እንዲህ አይነቱን መሳደብ ማንም ይችላል፣ እንዲሳቅበት ማድረግ ግን ስራ ይጠይቃል። ከታች ያለው የአንድ ደቂቃ የቲክቶክ ቀልድ ወይ አጭር ፖስት ለመስራት ነው። የፓርቲ ስም አልጠራም፣ የእናንተን እናንተ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ፓርቲው የለቀቀውን ቪዲዮ ድምፅ አጥፍታችሁ እዩት። በድምፅ ካያችሁት ንግግሩና ከጀርባ ያለው ክራር ይወስዳችኋል፣ ያለ ድምፅ ግን እጅ፣ ጫማና ጥግ ላይ ያለ ነገር ነው ሚታየው፣ ቀልዱም ያለው እዛ ነው። ለምሳሌ መሪው "የውሃ ችግር ተካፋይ ነኝ" ብሎ ጀሪካን ተሸክሟል እንበል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ የተሸከመ ሰው ትከሻው ወደ አንድ ጎን ይወርዳል፣ ሌላኛው እጁ ለሚዛን ይወጣል፣ ዳገት ላይ ከሆነማ ፊቱም ይናገራል። የእኛ ሰውዬ ግን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ እየሄደ ለካሜራ ፈገግ ካለ ጀሪካኑ ባዶ ነው በቃ። ወይ ደግሞ ሊስትሮ ጋር ቁጭ ብሎ "ወጣቱን እያዳመጥኩ ነው" ይላል፣ እግሩን ስታዩት ነጭ ስኒከር ነው። ስኒከር እኮ ሊስትሮ በሳሙና ያጥባል፣ እሺ፣ ፎቶው ላይ ግን ልጁ የያዘው ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ነው፣ ነጩ ጫማ ላይ ሊቀባው ነው እንዴ? እንዲህ አይነት አንድ ነገር ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ፣ አስር ነገር ላይ ሚቀልድ ሰው አንዱም ላይ አያስቅም።

ቀጥሎ ከሾው ጀርባ ጉዳይ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን ሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ካሜራ ፊት መንቦራጨቅ ሁሉ ባዶ ይመስለዋል። እኤአ በ2024 የእንግሊዝ ሊበራል ዴሞክራት መሪ ኤድ ዴቪ ለምርጫ ቅስቀሳ ብሎ ከከፍታ ላይ በገመድ ታስሮ ተወርውሯል፣ ዊንደርሚር ሐይቅ ላይ ደግሞ ጣውላ ላይ ሆኖ እየቀዘፈ ውሃ ውስጥ ወድቋል። አገሩ ሳቀበት። ግን ሐይቁ ላይ የወጣው የፍሳሽ ቆሻሻ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ መለቀቁን ለማሳየት ነበር፣ ሰውዬው ስለ ፍሳሹ ማውራቱን አላቆመም፣ ፓርቲውም በ2019 ከነበረው 11 ወንበር ወደ 72 ዘለለ። ስለዚህ ነገ የሆነ መሪ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ቶሎ አትሳቁ፣ ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን ሲያልፍ ምን ይዞ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ከወንዙ ወጥቶ ልብሱን ቀይሮ ስለ ወንዙ አንድ ቃል ካልተነፈሰ ግን ያ ስጦታ ነው፣ ተጠቀሙበት።

ሰልፍ ከሆነ ነገሩ ይሄኛው ደረጃ በጣም ይጠቅማችኋል። የሰላማዊ ሰልፍ አዋጁ ቁጥር 3/1983 ነው፣ አሮጌ ነው ግን አጭር ስለሆነ አንብቡት። ሰልፍ ሚጠራ አካል ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሁፍ ያሳውቃል፣ ማሳወቅ ነው እንግዲህ፣ ፈቃድ መለመን አይደለም። አስተዳደሩ ቦታው ወይ ሰዓቱ ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሁፍ መስጠት አለበት። አሁን ፓርቲው "ሰልፋችን ታፈነ" ብሎ መግለጫ ሲያወጣ ምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፣ ያስገባችሁት ደብዳቤ የታለ? ደብዳቤው ካለና አስተዳደሩ ዝም ካለ ወይ ያለ ምክንያት ከከለከለ ቀልዱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይዞራል፣ ፓርቲውን ተዉት። ደብዳቤ ሳያስገቡ ታፈንን ካሉ ግን ኦ፣ ስክሪፕቱ ራሱ ተጽፎ መጣላችሁ ማለት ነው።

እዛው አዋጅ ላይ ሌላ ማር የሆነ ነገር አለ፣ በገበያ ቀን ከገበያ ቦታ 100 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ አይደረግም ይላል። መሪው ሰኞ ቀን ሰኞ ገበያ ላይ ሳጥን ላይ ወጥቶ እጁን ሲያወዛውዝ፣ ከኋላው ህዝብ እንደ ጉንዳን፣ "ደሴ ቃሏን ሰጠች" ተብሎ ከተለጠፈ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፣ ወይ ህግ ጥሷል ወይ ያ ህዝብ በርበሬና ዶሮ ሊገዛ የመጣ ነው። ፎቶውን አስፉትና የሰዉን ፊት እዩ፣ ስንቱ ወደ መድረኩ ነው ሚያየው? አንዲት እናት ዶሮዋን አንጠልጥላ ጀርባዋን ሰጥታ ስትከራከር ካገኛችሁ እሷን ዋና ገጸ ባህሪ አድርጓት፣ የፓርቲው "ደጋፊ" ሆና ዶሮው ስንት እንደሆነ ትናገር።

አሁን ከመጻፋችሁ በፊት ትንሽ ቁም ነገር። የታሰረ ሰው ላይ አይቀለድም፣ እዚህ አገር ተቃዋሚ መሆን ከባጃጅ ፎቶ በላይ ሚያስከፍልበት ጊዜ ብዙ ነው። ተፈናቃይ ጋር ሄደው ዱቄት ሲሰጡ ፎቶ ከተነሱ የተቀበለችው ሴትዮ ላይ ሳይሆን ካሜራማኑ ላይ ሳቁ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ያዩትን ያየ ሰው ይሄ አይነገረውም። ብሄርና ሃይማኖትማ ጭራሽ። ደሞ ገዢው ፓርቲ ያንኑ ሾው ሲሰራ፣ ችግኝ ይዞ ለስድስት ካሜራ ሲያጎነብስ ምናምን፣ ዝም ካላችሁ ሰው ቀልደኛ ሳይሆን ካድሬ ነው ሚላችሁ፣ እውነቱንም ነው።

አጻጻፉ ላይ ትልቁ ሚስጥር አለመሳቅ ነው። በራሱ በፓርቲው ቋንቋ ጻፉት፣ የመግለጫ አማርኛ ራሱ ግማሹን ስራ ይሰራላችኋል። እንዲህ ለምሳሌ፦

"ፓርቲያችን ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከፒያሳ እስከ ሆጤ በባጃጅ በመጓዝ የህዝባችንን ብሶት በተግባር ተካፍሏል። ሊቀመንበሩ በጉዟቸው ጉልበታቸውን የተጋጩ ሲሆን ይህንን የተቀነባበረ ሴራ በጥብቅ እናወግዛለን። ሂሳቡን የከፈሉት ሹፌሩ ናቸው።"

መጨረሻዋ አጭር አረፍተ ነገር ናት ሰውን ምትጥለው፣ ከሷ በኋላ ምንም አትጨምሩ፣ ሚስቅ ኢሞጂም አታድርጉ። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ውጭ አትቅረጹ፣ ከጦሳ ተራራ ሚመጣው ንፋስ ማይኩን ይበላዋል፣ ቤት ውስጥ ኮት አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ የውሃ ሃይላንድ ደርድራችሁ ተቀመጡ፣ መግለጫ ይመስላል።

ከመልቀቃችሁ በፊት የፓርቲው ደጋፊ ለሆነ አንድ ጓደኛችሁ አሳዩት። ሳይፈልግ ፈገግ ካለ ጨርሳችኋል፣ ከተናደደ የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ያመለጣችሁ ቦታ ነው። የውሸት ስክሪንሾት ወይ ሰውዬው ያላለውን ንግግር እንደ ዜና አድርጋችሁ ግን እንዳትለቁ፣ የጥላቻ ንግግርና ሀሰተኛ መረጃ አዋጁ 1185/2012 ፖለቲካዊ ትችትንና የጥበብ ስራን ለይቶ ነው ሚያየው፣ ዜና አስመስሎ መዋሸትን ግን ይቀጣል፣ ከ5 ሺህ በላይ ፎሎወር ካላችሁ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ላዩ ላይ "ቀልድ" ብላችሁ ጻፉበት፣ ምንም አይቀንስበትም።

ኦርጂናል ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ፓርቲው ሳቁን ሲሰማ ቶሎ ያጠፋውና "ፈጥራችሁብን ነው" ይላል። ባለ ጀሪካኑ ሰውዬ ምናልባት አፍሮ ውሃ አገልግሎት ሄዶ አቤቱታ ካስገባ እሱንም ክፍል ሁለት አድርጋችሁ ስሩት፣ መዝገብ ቤት የመታለትን ማህተም ካሳየ ብቻ።