የኢንፌክሽን መከላከል ቃላትን ከሥራው ጋር አጥኑ

የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ ነኝ፤ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም አሠለጥናለሁ። ብዙዎቹ ትርጉሙን ጥርት አድርገው ሸምድደው ይመጣሉ። መቀስ አስይዤ «ይሄ የሚያስፈልገው ዲስኢንፌክሽን ነው ወይስ ስተራላይዜሽን?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ቃሉን ለብቻው ስላጠኑት ነው። እናንተ ማስታወሻችሁ ላይ ቃላቱን በፊደል ተራ አትደርድሩ። የሚምታቱትን ጎን ለጎን ጻፉ። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ አንድ ዕቃ ወይም አንድ በሽታ፣ ከዚያም እናንተ የምትሠሩትን ሥራ ጨምሩበት።

በጣም ከሚያደናግረው ልጀምር። ማጽዳት ማለት የሚታየውን ደምና ቆሻሻ በውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ማስለቀቅ ነው። እንደ ተራ ሥራ እንዳታዩት። ደም የደረቀበት መቀስ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ስተራላይዝ የሚያደርግ ማሽን) ቢገባም አያስተማምንም፤ ደሙ ከሥሩ ያለውን ጀርም ይከልለዋል። ዲስኢንፌክሽን አብዛኛውን ጀርም ይገድላል፤ ስፖር ግን ሊያመልጠው ይችላል። ስፖር እንደ ቴታነስ ያሉ ባክቴሪያዎች ክፉ ቀን የሚያሳልፉበት ጠንካራ መልክ ነው። ስተራላይዜሽን ስፖሩንም ጨምሮ ሁሉንም ያጠፋል። ስለዚህ «ትንሽ ስተራይል» የሚባል ነገር የለም። 20 ደቂቃ የተቀቀለ ዕቃ ከፍተኛ ደረጃ ዲስኢንፌክሽን ተደርጎለታል እንጂ ስተራይል አይደለም።

ዲኮንታሚኔሽን የሚለው ቃል ላይ ጠንቀቅ በሉ። በአገራችን ብዙዎቻችን የተማርነው ዕቃውን ከማጽዳት በፊት 0.5 ፐርሰንት ክሎሪን ውስጥ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ብለን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከማጽዳት እስከ ስተራላይዜሽን ያለውን ሥራ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራዋል። ከማጽዳት በፊት በክሎሪን መዘፍዘፍንም አይመክርም፤ ክሎሪን ብረት ያበላሻል፣ ደም ሲነካው ደግሞ ይዳከማል። የምትለማመዱበት ቦታ መመሪያ የትኛውን እንደሚከተል በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

የትኛው ዕቃ የትኛውን ይፈልጋል? አሜሪካዊው ኧርል ስፖልዲንግ ያወጣው አከፋፈል ዛሬም ይሠራል። ከቆዳ ሥር ወይም ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ዕቃ ክሪቲካል ነው፤ የግድ ስተራይል ይሁን። የቀዶ ሕክምና መቀስ እዚህ ነው። እንደ አፍና ጉሮሮ ያለውን እርጥብ ሽፋን የሚነካ፣ ለምሳሌ የላሪንጎስኮፕ (ጉሮሮ የሚታይበት መሣሪያ) ብሌድ፣ ሴሚ ክሪቲካል ነው፤ ቢያንስ ከፍተኛ ደረጃ ዲስኢንፌክሽን ያስፈልገዋል። ያልቆሰለ ቆዳ ብቻ የሚነካው ኖን ክሪቲካል ይባላል። አንገታችሁ ላይ ያለው ስቴቶስኮፕ ከዚህ ይመደባል። ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉት።

አውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሠራ ለተጠቀለለ ዕቃ 30፣ ላልተጠቀለለ 20 ደቂቃ ነው። ደቂቃው የሚቆጠረው ሙቀቱ 121 ከደረሰ በኋላ ነው። ጥቅሉ ላይ ያለው ቴፕ ጠቆረ ማለት ሙቀቱ ነክቶታል ማለት ነው፤ ውስጡ ስተራይል ለመሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅል ደግሞ እንደገና ይሠራል።

የበረኪና ስሌት እንዳያስፈራችሁ። በረኪናው ላይ የተጻፈውን ፐርሰንት ለምትፈልጉት ፐርሰንት አካፍሉ፤ ከውጤቱ 1 ቀንሱ። የቀረው ለአንድ እጅ በረኪና የሚጨመረው ውኃ ነው። 5 ፐርሰንት በረኪና ይዛችሁ 0.5 ብትፈልጉ፣ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፣ አንድ ሲቀነስ 9። አንድ ኩባያ በረኪና፣ ዘጠኝ ኩባያ ውኃ። ሁሉም በረኪና 5 ፐርሰንት ስላልሆነ መጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቡ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። አሲድ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ኮንታሚኔሽን፣ ኮሎናይዜሽን፣ ኢንፌክሽን። ጀርሙ ጓንታችሁ ላይ ካረፈ ጓንቱ ተበክሏል፤ ይህ ኮንታሚኔሽን ነው። አፍንጫ ውስጥ ሰፍሮ እየተራባ ሰውየውን ምንም ካላደረገው ኮሎናይዜሽን ነው፤ ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ይኖራል። ቁስሉ ቀልቶ፣ አብጦ፣ መግል ከያዘ ኢንፌክሽን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ጀርም ስለተገኘ ብቻ አንቲባዮቲክ አይሰጥም።

ድሮፕሌትና ኤርቦርንም ይምታታሉ። ድሮፕሌት ስንስል የሚወጣ ጠብታ ነው፤ ብዙም ሳይርቅ ይወድቃል። ሜኒንጎኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ማጅራት ገትርና ትክትክ እዚህ ናቸው፤ የቀዶ ሕክምና ማስክ ይበቃል። ኤርቦርን ግን አየር ላይ ይቆያል፦ የሳንባ ቲቢ፣ ኩፍኝ፣ ጉድፍ። ለታካሚው የቀዶ ሕክምና ማስክ፣ ለእናንተ ኤን-95 የሚባለው አየር የሚያጣራ ማስክ፣ ለክፍሉ ክፍት መስኮት። መስኮቱ ላይ ከአስታማሚ ጋር መነጋገራችሁ አይቀርም፤ «ብርድ ይመታዋል» ብለው ይዘጉታል። አትቆጧቸው። ታካሚውን በጋቢ አልብሱ፣ አየሩ ለምን እንደሚያስፈልግ በእርጋታ አስረዱ፣ መስኮቱን ክፈቱ። ይህን አምስት ደቂቃ አትሰስቱ።

ስታንዳርድ ፕሪኮሽን ለሁሉም ታካሚ፣ ሁልጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። «ኤችአይቪ አለበት ወይ?» ብሎ ጓንት የሚያደርግ ተማሪ ቃሉን አልያዘውም። የእጅ ንጽሕናም እዚሁ ነው፦ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ጓንት ካወለቃችሁ በኋላም እጃችሁን ታጸዳላችሁ። ታካሚውን ሳትነኩ ኮመዲኖውን ወይም የአልጋውን ብረት ብቻ ብትነኩም እንደዚያው።

መርፌን መልሶ መክደን ሪካፕ ይባላል፤ አታድርጉት። መርፌው ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ (የስለታም ዕቃ መጣያ ሳጥን) ይግባ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ሳጥኑ ይዘጋ። ከተወጋችሁ ያ ኤክስፖዠር፣ ማለትም ለጀርም መጋለጥ ነው። ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ አትጭመቁት፣ በረኪናም አታፍስሱበት። ለዋርዱ ኃላፊ ወዲያው ንገሩ፤ ማንም ቢቆጣ እንዳትደብቁ። የኤችአይቪ መከላከያው ፒኢፒ ይባላል፤ በቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ቅዳሜ ማታ ቢሆንም ሰኞን አትጠብቁ። ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት አለ። የተለመደው ሦስት ዶዝ 6 ወር ስለሚፈጅ ዋርድ ከመመደባችሁ ብዙ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት።